ያለ ሰዓቱ የተደወለው ደወል

መሪጌታ ዋሲሁን ልጃቸው በአውሮፕላን መዞር ከጀመረች ወዲህ እህል በደንብ አይወርድላቸውም ነበር። ቃልኪዳን ደብረ ታቦር የምትሠራ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናት። አንበጣው ከወሎ በኩል ተሻግሮ የጋይንትንና የስማዳን ጠረፍ ሲነካ፣ ከአንድ አብራሪ ጋር በትንሽ አውሮፕላን እየዞረች መንጋው የት እንዳደረና ወዴት እንዳቀና እንድታይ ተመደበች። እናቷ ካሣነሽ ወሬውን በሰማች ጊዜ ደስ ብሏት ለጎረቤት ሁሉ አወራች። መሪጌታ ግን ፈሩ። በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ባሳለፏቸው ዓመታት ረሀቡንም፣ ብርዱንም፣ የየመንደሩን ውሻም ችለዋል። ይህን ዓይነት ፍርሃት ግን አያውቁትም፤ መላ የሌለው፣ ተቀምጠው የሚጠብቁት ፍርሃት ነው።

የዚያን ዕለት ማለዳ ደውላላቸው ነበር።

«አባዬ፣ ዛሬ በእናንተ በኩል እናልፋለን። ገደሉ አፋፍ ላይ አደረ ያላችሁትን መንጋ ልናየው ነው።»

«ትረጩታላችሁ?»

«አይ፣ የኛዋ አትረጭም። እኛ አይተን እናስታውቃለን። የምትረጨዋ ከኋላ ነው የምትመጣው። ሰው እንዳይሳሳት ይንገሩልኝ።»

ነገሩ። የሰማቸው ግን አልነበረም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ካሣሁን እንኳ፣ «የኔታ፣ ያን ያህል አገር አቋርጣ ባዶዋን አትመጣም» ብሎ ሳቀባቸው። አገሬው አውሮፕላን መጣች ማለት መድኃኒት መጣ ማለት መስሎታል። ጤፉ ደርሷል፤ የታጨደው ገና ጥቂት ነው፤ መንጋው ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ሲላት ከአፋፉ ተነሥቶ እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮውን፣ ጅራፍ ያለው ጅራፉን ይዞ፣ አንዳንዱም የሚጨስ ኩበት በገል አድርጎ ከማለዳው ጀምሮ አቦ መስክ ላይ ተሰበሰበ።

አቦ መስክ በዚያ ሁሉ ወጣ ገባ አገር ውስጥ ለጥ ብሎ የተኛ አንድ ሜዳ ነው። ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ይጀምርና እስከ ጅረቱ ይዘልቃል። ከጅረቱ ማዶ መንደርና የእርሻ ማሳ አለ። በምሥራቅ በኩል ዝቅተኛ ጉብታ ይከልለዋል፤ ከጉብታው ጀርባ ጥቂት የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ቀጥሎ ደግሞ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደው ገደል ነው።

መሪጌታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ወይራ ሥር ተቀምጠው የዲያቆን ማሩን ዜማ ያዳምጡ ነበር። ማሩ ሚስት ያገባ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ትምህርቱን ግን አልተወም። ከታች የሚመጣው የቆርቆሮ ጩኸት እያወካቸው ሁለቴ አስቆሙት። ሦስተኛውን ሲጀምር ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ ይስሙኝ» አለች ቃልኪዳን። ድምፅዋ የረጋ ነው፣ ከልክ በላይ የረጋ። ልጅ ሳለች ዕቃ ሰብራ ስትመጣ እንዲህ ነበር የምትናገረው። «ሞተሩ ቆሟል። መስኩ ላይ ልናርፍ ነው።»

«ማነው የሞተው?»

«ሞተሩ ነው አባዬ፣ የአውሮፕላኗ ሞተር። ሌላ የምናርፍበት የለም። መስኩ ሰው ሞልቶበታል፤ ሰዉንም ከብቱንም ያስለቅቁ፣ ቶሎ ብለው—»

ተቋረጠ።

መልሰው ደወሉ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት፣ የደወሉላት ሰው ልትገኝ እንደማትችል በትሕትና ነገረቻቸው። እንደገና ደወሉ፤ ያንኑ አለቻቸው። ቀና ሲሉ አዩዋት። በጋይንት በኩል፣ ከሩቁ ተራራ በላይ፣ ጭልፊት የምታህል ነጭ ነገር ወደ እነሱ እየመጣች ነው። ድምፅ የላትም። አውሮፕላን ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ ይቺ ግን ዝም ብላ እየወረደች ነው።

ማሩ ከጎናቸው ቆሞ አፉን ከፈተ። «የኔታ፣ ምን ሆና ነው?»

መሪጌታ ከታች ያለውን ሰው አዩ። ሮጦ ደርሶ ለማስረዳት ጊዜ የለም፤ ከላይ ሆነው ቢጮሁም በዚያ የቆርቆሮ ጋጋታ ማን ይሰማቸዋል? ሕዝቡን በአንዴ ከመስኩ ነቅሎ ወደ ዳገቱ የሚያመጣ አንድ ነገር ብቻ ታያቸው። ደወል ያለ ሰዓቱ ከተመታ አንድም እሳት ተነሥቷል፣ አንድም ወንበዴ መጥቷል ማለት ነው፤ ያን የሰማ የያዘውን ጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣል።

«ደውል» አሉት ማሩን። «እኔ እስካቆምህ ድረስ እንዳታቋርጥ።»

ማሩ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ገመዱን ይዞ ሲስበው እሳቸው መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ቁልቁለቱን ጀምረው ነበር።

ደወሉ ሲመታ የቆርቆሮው ድምፅ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ሰው አንገቱን አዞረ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ መሮጥ ጀመሩ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ካሣሁን ከሁሉም ቀድሞ እያለከለከ ደረሰባቸው።

«የኔታ፣ የት ነው እሳቱ?»

«እሳት አይደለም። ያቺን ተመልከት» አሉና በመቋሚያቸው ወደ ሰማይ አሳዩት። «ሞተሯ ጠፍቷል። መስኩ ላይ ልትወርድ ነው። ከብቱን አስነሣ። ሰዉን ሁሉ ወደ ላይ።»

ካሣሁን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየ፤ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም። ተመልሶ ቁልቁል ወረደና ጅራፉን እያስጮኸ ከብቱን ወደ ዳገቱ ይነዳው ጀመር። የሚሮጡትንም በየስማቸው እየጠራ፣ «አትቁሙ፣ ወደ ላይ» ይላቸዋል። በሬው፣ ላሙ፣ አህያው፣ ቆርቆሮ የያዘው ሰው ሁሉ ተደባልቆ መሪጌታን እያለፈ ወደ ላይ ጎረፈ። መስኩ በዓይናቸው ፊት ባዶ እየሆነ ሄደ። አውሮፕላኗ አሁን ክንፎቿ ይለያሉ። ደረሰልኝ፣ አሉ በልባቸው፤ ትንፋሻቸው ትንሽ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው ማዶውን ያዩት።

ከጅረቱ ማዶ አጨዳ ላይ የነበረው ሰውም ደወሉን ሰምቷል። ማዶዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት በመስኩ መሐል ነው፤ ሌላ መንገድ የላቸውም። ማጭዱን እንደያዘ፣ ልጁን እንዳዘለ፣ ጅረቱን እየተሻገረ ወደ ባዶው መስክ ይገባል። መሪጌታ ይህን እንዴት እንዳላሰቡት ለራሳቸውም አልገባቸውም። ዕድሜያቸውን የኖሩበት አገር ነው፤ ማዶዎቹ ለቅዳሴ ሲመጡ በየሳምንቱ ያንን መስክ ሲያቋርጡ ያያሉ።

ዞር ብለው፣ «ማሩ፣ አቁም» ብለው ጮኹ። በማኅሌት ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ የሚተርፈው ድምፃቸው ያን ዳገት አልወጣ አለ። ማሩ እንዳታቋርጥ ተብሏልና አላቋረጠም፤ ደወሉ ከፊተኛው ይልቅ በረታ።

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ «ተመለሱ» እያሉ እያራገቡ ወደ መስኩ ወረዱ። ማዶዎቹ ነጭ ጋቢ ሲውለበለብ ባዩ ጊዜ ድረሱልን መባላቸው መሰላቸው፤ ሩጫቸውን ጨመሩ። ከፊት ከፊት የምትሮጠውን ሴት መሪጌታ ከሩቅ አወቋት። ካሣነሽ ናት። ለአጨዳው ወንፈል ለመርዳት ጠዋት ተሻግራ ነበር። ደወሉ የተመታው ባሏ ካለበት ነውና እሷ ከሁሉ በፊት ብትሮጥ አይፈረድባትም።

አውሮፕላኗ ጉብታውን በግራ ትታ ወደ መስኩ አፍንጫዋን አቀናች። አሁን ዝቅ ብላለች፤ ነፋሱ በክንፎቿ ላይ ሲያፏጭ ይሰማል። መሪጌታ በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ራስ አዩ። አንደኛው የልጃቸው ነው። ከዚህ በኩል ካሣነሽ እየሮጠች ነው፤ ከዚያ በኩል ቃልኪዳን እየወረደች ነው። ጸሎት ፈለጉ። በቃላቸው የያዙት መጽሐፍ ሁሉ ጥሏቸው ሄደና «እግዚኦ» የምትለዋ ብቻ ቀረች፤ እሷኑ ይደጋግሟት ጀመር።

አውሮፕላኗ አንዱን ክንፏን ዝቅ አደረገች። መሪጌታ የወደቀች መስሏቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ አቅጣጫዋን ለውጣለች። መስኩን ጥላ ወደ ጉብታው ዞራለች። ከጉብታው ላይ ካለው ቁጥቋጦ ጋር ተነካክታ ቅጠል አራገፈች፤ ከዚያ ከጀርባው ጠፋች። የደረቀ ግንድ ሲሰበር እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ቀጥሎም አንድ ሌላ፣ ከበድ ያለ። ከዚያ ደወሉ ብቻ ቀረ።

ካሣነሽ ደረሰች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ደኅና ነዎት?» አለቻቸው። «ምን ሆናችሁ ነው? ምን መጥቶ ነው የምትደውሉት?»

«ቃልኪዳን ናት» አሉ።

«ምኗ?»

«ያቺ ውስጥ ያለችው እሷ ናት።»

ካሣነሽ ትጮሃለች ብለው ነበር። አልጮኸችም። ወደ ጉብታው አየች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ጫማዋን አውልቃ ጣለችና መሮጥ ጀመረች። መሪጌታ ተከተሏት። አንዱ ወጣት ብብታቸውን ይዞ አወጣቸው፤ ሌላው ደወሉን ሊያስቆም ወደ ማሩ ሮጠ። ገደሉ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ማሳው ላይ ድንጋይ ይኑር አይኑር፣ ሁሉንም ያውቁታልና አገሩን ባላወቅሁት ኖሮ ብለው ተመኙ። ጉብታው ጫፍ ላይ ካሣነሽ ቆማ ነበር። መቆሟ አስፈራቸው።

ከሥር ያለው የወይዘሮ ታንጉት ጤፍ መሐል ለመሐል ተተልትሏል። አውሮፕላኗ እየተንሸራተተች ሄዳ ከማሳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ጋር ተጋጭታለች፤ ካቡ ነው ከገደሉ ያስቀራት። አንድ ክንፏ ተገንጥሎ ለብቻው ወድቋል። አፍንጫዋ መሬት ነክሷል። በአጠገቧ አንዲት ሴት ቆማ አንድ እጇን ታወዛውዛለች፤ ሌላው እጇ ተንጠልጥሏል።

«ቆማለች» አለች ካሣነሽ። «አየኋት፣ ቆማለች።»

ያን ያህል ሕዝብ ቁልቁል ሲንጋጋ መንጋውም ከአፋፉ ተነሣ። ሰማዩ ቀላ፣ ፀሐይዋ ደበዘዘች፣ አንበጣው ፊት ላይ ይጋጭ ጀመር። ሰው ልማዱ ሆኖ ቆርቆሮውን መታ፤ ኩበት የያዙትም ጭሱ ይበልጥ እንዲወጣ እፍ እያሉበት ወደ አውሮፕላኗ ሮጡ። ቃልኪዳን የምትጮኸውን በዚያ ጫጫታ የሚሰማ አልነበረም። መሪጌታ ግን እጇን አዩ። ና የሚል እጅ አይደለም፤ ተመለሱ የሚል ነው። ጥቂት ወረድ ሲሉ ሽታው አፍንጫቸውን መታው። ነዳጅ ነው። ጤፉ ደግሞ እንደ ገለባ ደርቋል።

«እሳቱን» አሉ። ድምፃቸው አሁን ወጣላቸው። «እሳት የያዛችሁ ቁሙ። አንድ እርምጃ እንዳትሄዱ። መሬት ላይ ቅበሩት፣ በአፈር።»

ከፊት የነበረው ሰው ግራ ተጋብቶ ቆመ። «አንበጣውስ የኔታ?»

«አንበጣው ይብላው። ቅበረው።»

ካሣሁን ደርሶ ገሉን ከሰውየው እጅ ነጠቀና ወደ ታረሰው መሬት ወስዶ በአፈር ደፈነው። ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ፤ እሱ እያንዳንዱን እየዞረ በእግሩ ረገጠ። ከዚያ ወዲያ ማንም ወደ ማሳው ክብሪት ይዞ እንዳይገባ ሰዎች አቆመ።

ካሣነሽ ልጇ ጋ ስትደርስ ልታቅፋት እጆቿን ዘረጋችና የተንጠለጠለውን የልጇን እጅ አይታ ቆመች። የት እንደምትይዛት ጨነቃት። የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«እማዬ፣ እኔን ተዪኝ» አለች ቃልኪዳን። «ናትናኤል ውስጥ ነው። እግሩ ተይዟል። ነዳጁ እየፈሰሰ ነው፣ ቶሎ አውጡት።»

ናትናኤል አብራሪው ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ወጣት። ግንባሩ ደምቷል። ጎልማሶቹ የአውሮፕላኗን አፍንጫ በትከሻቸው አንሥተው ሲይዙ፣ ሁለት ሰዎች ከወንበሩ ሥር እግሩን ቀስ እያሉ አላቀቁት። አንድ ጊዜ ብቻ አቃሰተ። ካወጡት በኋላ ከነዳጁ አርቀው ጤፍ ላይ አስተኙት። መሪጌታ አጠገቡ ተንበረከኩና እጃቸውን ራሱ ላይ አደረጉ።

«አባ» አላቸው፣ «ሰው ነካሁ?»

«ማንንም አልነካህ ልጄ።»

«ልጅ ያዘሉ ነበሩ።»

«ሁሉም ደኅና ናቸው። አንድም ሰው አልተነካም።»

ዓይኑን ጨፈነ። መሪጌታ ደንግጠው ደረቱን አዩ፤ ይተነፍሳል።

ወይዘሮ ታንጉት ከማሳዋ ዳር ቆማ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ያችን ማሳ ብቻ የምታሳርስ ሴት ናት። የተተለተለውን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በስንት እግር የተረገጠውን ጤፍ ታያለች። መሪጌታ የሚያጽናናትን ቃል ሲፈልጉ እሷ ቀደመቻቸው።

«መሪጌታ፣ እኔ አንበጣ ስጠብቅ ነበር» አለች። ነጠላዋን አውልቃ በጥርሷ ተረተረችና የቃልኪዳንን እጅ ከአንገቷ ጋር አሰረችላት። ጨርሳ ዘወር ካለች በኋላ ግን ከካቡ ጀርባ ሄዳ ብቻዋን ስታለቅስ አዩዋት፤ አልተከተሏትም።

ናትናኤልን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ አወጡት። ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የተጠራው አምቡላንስ ዘገየ። በመጠበቁ ጊዜ የልጁ ፊት እየነጣ ሄደ፤ ካሣነሽ ውኃ ልታጠጣው ስትል ቃልኪዳን ከለከለቻት። መኪናው ሲመጣ መሪጌታ ከልጃቸው ጋር ገቡ። መንገዱ ድንጋይ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ናትናኤል ጥርሱን ይነክሳል፤ ቃልኪዳን በደኅናው እጇ ትከሻውን ትይዛለች።

«ሰዉ ከመስኩ ሲወጣ ከላይ አይተን ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሰምተውኛል አልኩት። ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ ከማዶ በኩል ሲገቡ ጊዜ ናትናኤል፣ ‹እዚህ አልወርድም› አለ። ሌላ አላለም።»

መሪጌታ መስኮቱን አዩ። ልጃቸውን ሳያዩ ተናገሩ። «ማዶዎቹን ያመጣቸው ደወሉ ነው። እኔ ነኝ ያስደወልኩት።»

ቃልኪዳን ወደ እሳቸው ዞረች። «ባያስደውሉስ? ያ ሁሉ ሰው መስኩ ላይ ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ።» አሁንም አላዩአትም። «ከማዶዎቹ ከፊት የነበረችው እናትሽ ናት።»

እጇ ናትናኤል ትከሻ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አላወቅኋትም» አለች። «አንዲት ሴት ስትሮጥ አይቻለሁ። አላወቅኋትም።»

መኪናው እንደገና ሲዘል ትከሻውን አጥብቃ ያዘች።

ናትናኤልን ወገዳ ላይ እግሩን አስረው የዚያኑ ዕለት ወደ ደብረ ታቦር ላኩት። ሁለት ቦታ ተሰብሮ ኖሯል፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪሞቹ እግሩ እንደማይቆረጥ እርግጠኛ እስኪሆኑ ድረስ መሪጌታ ቤት ሌሊቱም ቀኑም በሥጋት አለፈ። የቃልኪዳን እጅ በጀሶ ታሰረ። አውሮፕላኗን ሰዎች መጥተው ፎቶ አነሷት፣ ፈታተው በጭነት መኪና ወሰዷት። ሞተሩ ለምን እንደቆመ ለአገሬው የነገረ የለም።

መንጋው የዚያን ከሰዓት ነፋስ ገፍቶት ወደ በሽሎ ወረደ። ነገ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ ስላልነበረ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ወጣ። ካሣሁን ሰዉን መጀመሪያ ወደ ታንጉት ማሳ ወሰደው። የቆመውን አጨዱ፤ የተረገጠውን በእጃቸው ለቀሙ። ከአውድማው የሚገባው ግን ጥቂት ስለሆነ የታንጉት ዓመት ጠባብ እንደሚሆን ሁሉም አውቋል፤ መሪጌታም ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ጋር መክረው ከየቤቱ ቁና ቁና እንዲሰጣት አደረጉ።

ሰነባብተው መሪጌታና ካሣነሽ በመካነ ኢየሱስ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ደብረ ታቦር ሄዱ። ናትናኤል አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እግሩ በብረት ተወጥሯል። መሪጌታን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ ከለከሉት። ካሣነሽን አያውቃትም። እሷ ያመጣችለትን የማር ገንቦ ይዛ በር ላይ ቆማ ቀረች።

«ግቢ እንጂ» አሏት መሪጌታ።

ገባች። ገንቦውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። በመንገዱ ሁሉ ምን እንደምትለው ስታሰላስል ነበር።

«ያን ዕለት ከፊት ስሮጥ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለችው።

ናትናኤል ለአፍታ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ወደ መሪጌታ አየ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። ከአልጋው ጫፍ ያለውን ልብሱን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላት።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አላት። «ብዙ መንገድ መጥተዋል።»

ካሣነሽ ተቀመጠች፤ ያን ዕለት ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰች።